ጋና ላይ የተሸነፈ ፓርቲ ለምን አይከስምም?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሌሎቻችሁም። ሰሞኑን ስለ ፓርቲ ወሬ በተነሳ ቁጥር "እኛ ሀገር ፓርቲ አይሠራም" ይባልና ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆማል። ይሄ አባባል ያናድደኛል። አፍሪካ ውስጥ የሠራበት አገር ስላለ ዛሬ የጋናን ላንሳ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የጋናን ዓመቶች በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የኛን ስጠቅስ "በኛ" እላለሁ።

ጋና ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች አሏት፤ ኤንዲሲ እና ኤንፒፒ። ኤንዲሲን የመሠረተው ጄሪ ሮሊንግስ ነው። ሰውዬው ሁለት ጊዜ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዟል፣ ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ በወታደራዊ አገዛዝ ገዝቷል፣ በ1992 ደግሞ ዩኒፎርሙን አውልቆ ተወዳደረና አሸነፈ። ኤንፒፒ "ተጭበርብሯል" ብሎ ተከትሎ የመጣውን የፓርላማ ምርጫ ረግጦ ወጣ። ያተረፈው ነገር ቢኖር ከ200 ወንበር 189ኙ ለኤንዲሲ መግባቱን ከውጭ ሆኖ ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ በሉ። በ1994 ምርጫ ኮሚሽኑ ፓርቲዎቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። የጋራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ስለ መራጮች መዝገቡ፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ካርዱ መጨቃጨቅ ያዙ። በ1996 ውስጡ የሚታይ የምርጫ ሳጥን መጣ። ኤንፒፒ ያኔም ተሸነፈ፣ ግን 60 ገደማ ወንበር ይዞ ፓርላማ ገባ። በ2000 የኤንፒፒው ኩፉኦር አሸነፈ፣ ሮሊንግስም የሥልጣን ዘመኑ አልቆ ነበርና ወረደ። በ2008 ኤንዲሲ ተመለሰ፣ በ2016 ኤንፒፒ፣ በ2024 እንደገና ኤንዲሲ። በምርጫ ብቻ አራት ጊዜ ሥልጣን እጅ ቀየረ ማለት ነው።

የኤንዲሲውን ጆን ማሃማን ደግሞ እዩት። በ2016 ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሸነፈ። በ2020 ሞክሮ ተሸነፈ፣ ፍርድ ቤት ሄዶም ተረታ። በ2024 ከ56 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ ተመለሰ። አልተሰደደም፣ አልታሰረም፣ ፓርቲውም አልተበተነም።

እኔ የፓርቲ ሥርዓትን የማየው በተሸናፊው በኩል ነው። ምርጫው ባለቀ ማግሥት የተሸነፈው ፓርቲ ቢሮ ክፍት ነው ወይ? አባሉ ሥራ ገበታው ላይ አለ? የሰፈሩ ሰብሳቢ ስልክ ያነሳል? ጋና ላይ አዎ ነው መልሱ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቦሳ ቀቦ፦
ወንድሜ አሳምረህ ጻፍከው፣ ግን ዋናውን ዘለልከው። እዚያም ቢሆን ሰው የሚመርጠው በብሔር ነው። አሻንቲ ክልል ኤንፒፒን፣ ቮልታ ኤንዲሲን። ሁለት ትልልቅ ብሔር ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ፓርቲዎች ስላሉ ነው ተራ የሚገባቡት። እኛ ጋ ሰማንያ ምናምን ብሔር ይዘህ ሁለት ፓርቲ አምጣ ብትለኝ ከየት ላምጣልህ?

አክራ የከረምኩ፦
ተወልጄ ያደግኩት ፈረንጅ አራዳ ነው፣ ለሥራ አክራ ቆይቻለሁ። ቦሳ ቀቦ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። አሻንቲ የኤንፒፒ ቤት ነው፣ ቮልታ የኤንዲሲ። ይሄን አንድም ጋናዊ አይክድህም። ግን በሁለቱ ብቻ ማንም አያሸንፍም። የሚወስኑት ግሬተር አክራ፣ ሴንትራል፣ ዌስተርን የመሳሰሉት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ወዲህም ወዲያም ይላሉ። ለዚህ ነው ሁለቱም ፓርቲዎች ከቤታቸው ወጥተው ሰው ለመለመን የሚገደዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2024 ዋናዎቹ ሁለት ተፎካካሪዎች ሁለቱም የሰሜን ሰዎች ነበሩ። ማሃማ ጎንጃ ነው። የኤንፒፒው ባውሚያ ማምፕሩሲ ነው፣ ሙስሊም ነው። የአካን ብሔር የሚበዛበት፣ መሪዎቹ በአብዛኛው ክርስቲያን የሆኑበት ፓርቲ የሰሜን ሙስሊም እጩ አደረገ። በብሔር ብቻ ቢሆን ይሄ እንዴት ይሆናል?

ሕጉም ያስገድዳቸዋል። ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 55 በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በክልል የቆመ ፓርቲ አይፈቅድም። ፓርቲ ለመመዝገብ ከየወረዳው መሥራች አባል ያስፈልጋል፣ በሁሉም ክልል ቅርንጫፍ ያስፈልጋል፣ በየክልሉ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ወረዳ ላይ መደራጀት አለብህ።

ቦሳ ቀቦ፦
እሺ፣ ሕጉን ካነሳህ ታሪኩንም አንሳው። በብሔር መደራጀትን የከለከለው የመጀመሪያው ሕግ የንክሩማ ነው፣ በ1957፣ ልክ ነፃ በወጡበት ዓመት። ማንን ነበር የመታው? የአሻንቲውን ንቅናቄ፣ የሰሜኑን ሕዝብ ፓርቲ፣ የሙስሊሞቹን ማኅበር፣ ቶጎላንድ ኮንግረስን። በአንድነት ስም ተቃዋሚውን በሙሉ ከመሬት ጠረገ። በዓመቱ ያለ ፍርድ የሚያስር ሕግ መጣ፣ በ1964 አንድ ፓርቲ ብቻ ሆነ። ዳንኳ የተባለው ትልቁ ተቃዋሚ በ1965 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ስለዚህ "ሕጉ ከልክሏል" ብላችሁ ለኛ እንደ መድኃኒት አታምጡት። እንዲህ ዓይነቱ ሕግ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። እዚህ ኦሮሚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ነገ አንዱ ተነስቶ "በማንነትህ መደራጀት ክልክል ነው" ቢለኝ የምጠይቀው መጀመሪያ ማን እንደሚዘጋ ነው።

የጅሬን ልጅ፦
ይሄ ቁም ነገር ነው፣ በደንብ ተነሳ። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ውሰደው። የተመቱት ፓርቲዎች ተሰባስበው ዩናይትድ ፓርቲ የሚባል አንድ ፓርቲ ሆኑ፣ ቡሲያ መራው። ያ ወገን ተከለከለ፣ ታሰረ፣ ተሰደደ። ግን የዛሬው ኤንፒፒ ራሱን "የዳንኳ እና የቡሲያ ወገን" ነው የሚለው። ስሙ ስንት ጊዜ ተቀያየረ፣ ሰዎቹና ሐሳቡ ግን ቀጠሉ። አባት ለልጅ አወረሰው። ከ1957 እስከ 2000 ብትቆጥር፣ መሃል ላይ ቡሲያ ጥቂት ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆኑ በቀር፣ ዕድሜውን በሙሉ ከሥልጣን ውጭ ያሳለፈ ወገን ነው።

እኛ ጋ ለአንድ ምርጫ ተሰባስቦ በማግሥቱ ለሦስት የሚሰነጠቅ ፓርቲ ነው የምናውቀው። የሁለቱ አገር ልዩነት ለኔ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። እኔ በኛ በ97ቱ ምርጫ እዚሁ ጅማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ታዛቢ ነበርኩ። የፓርቲውን ስም መጥቀስ አልፈልግም።

ከንጋት እስከ ማታ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ሰው ጎህ ሳይቀድ ነው የተሰለፈው። ኤሌክትሪክ ስላልነበረ በፋኖስ ቆጠርን። ወረቀቱ እየተነሳ፣ ምልክቱ እየታየ፣ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል። እንደጨረስን የውጤት ቅጹን ፈረምን። አንዱ ቅጂ ክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ፣ አንዱን እኔ ያዝኩ። ሲነጋ ሰው እየመጣ በር ላይ ያለውን ያነባል፣ አንዳንዱም ደብተር ላይ ይገለብጣል።

ያቺን ቅጂ የተቀበለኝ ሰው የለም። ፓርቲው ቢሮ ሄድኩ፣ ተዘግቷል። በሳምንቱ ሄድኩ፣ ታፔላው ተነቅሏል። ባለቤቱ "መምህር እኔን አታስቸግሩኝ፣ ቤቱን ለልብስ ሰፊ አከራይቻለሁ" አለኝ። ለብዙ ዓመት ወረቀቷን ከጡረታ ሰነዶቼ ጋር አስቀምጫት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፓርቲው አንድ ሰው ደውሎልኝ አያውቅም። በመንግሥት በኩል የደረሰብንን አውቃለሁ፣ ቀላል አልነበረም። ግን እኔን የሚያንገበግበኝ የራሳችን ቤት ባዶ መሆኑ ነው።

አዌቱ ዳር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ማንበብ ያማል።

አክራ የከረምኩ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የያዟት ወረቀት ጋና ላይ የነገሩ ሁሉ እምብርት ናት። እነሱ በቀለሟ "ሮዝ ወረቀት" ነው የሚሏት። በየጣቢያው ቆጠራው ሲያልቅ የፓርቲ ወኪሎች ይፈርማሉ፣ እያንዳንዱ ቅጂውን ይወስዳል። ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች በየምርጫ ጣቢያው ኮሚቴ አላቸው። በየክልሉ ማለቴ አይደለም፣ በየጣቢያው። በ2024 ጣቢያው ከ40,000 በላይ ነበር፣ እስቲ አስቡት። ወኪሉ ያቺን ወረቀት ይዞ ወደ ወረዳ ይሮጣል፣ ከዚያ ወደ ፓርቲው ማዕከል ትገባለች። ፓርቲው ኮሚሽኑን ሳይጠብቅ የራሱን ድምር ያውቃል።

በ2012 ኤንፒፒ ሲሸነፍ እነዚህን ወረቀቶች ተሸክሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ከ10,000 በላይ ጣቢያ ላይ ችግር አለ ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ሱቅ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አገሩ በሙሉ ስለ ወረቀት ያወራ ነበር። ዋናው ምስክር ባውሚያ ነበር። ስለ እያንዳንዱ ጣቢያ ሲጠየቅ "እርስዎም እኔም እዚያ አልነበርንም" ይልና ወረቀቱ ላይ ያለውን ያነባል። ነሐሴ 2013 ፍርድ ቤቱ በድምፅ ብልጫ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው። የኤንፒፒው እጩ አኩፎ አዶ በውሳኔው እንደማይስማማ፣ ግን እንደሚቀበለው ተናገረ፣ ለማሃማም ደወለለት።

እና ከ11 ዓመት በኋላ ያው ባውሚያ ራሱ እጩ ሆኖ ተወዳደረ። ድምፅ የተሰጠው ታኅሣሥ 7 ቀን 2024 ነው። በማግሥቱ ጠዋት፣ ኮሚሽኑ ገና ምንም ሳይል፣ ፓርቲው በራሱ የሰበሰበውን ድምር አይቶ ለማሃማ ደወለና "እንኳን ደስ አለህ" አለው። ሽንፈቱን የነገሩት የራሱ ወኪሎች ናቸው። ኮሚሽኑን ባያምን እንኳ የራሱን ሰዎች እንዴት አያምንም?

የጅሬን ልጅ፦
እኔ ልል ፈልጌ ያልቻልኩትን ነው የተናገርከው። ድርጅት ያለው ፓርቲ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም በእጁ ማስረጃ አለ። ድርጅት የሌለው ፓርቲ ግን ቢሸነፍ "ተሰረቅን"፣ ቢሰረቅ ደግሞ ማሳያ የለውም።

ሄርማታ፦
እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ቡና ላይ ነው የምሠራው፣ ወደ ኑሮው ልመልሳችሁ። ኤንፒፒ በ2024 የወደቀው በወረቀት አይደለም፣ በገበያ ነው። በ2022 መጨረሻ የጋና የዋጋ ንረት 54 በመቶ አለፈ። መንግሥት አብዛኛውን የውጭ ዕዳውን መክፈል አቁሜአለሁ አለ። አይኤምኤፍ 3 ቢሊዮን ዶላር ይዞ ገባ። የመንግሥት ቦንድ የገዛ ጡረተኛ ገንዘቡን ሲጠብቅ ወረፋ ያዝ ተባለ።

ካካዎው ደግሞ አለ። ጋና ላይ የካካዎ ዋጋን ለገበሬው የሚቆርጠው መንግሥት ነው፣ ኮኮቦድ በሚባለው ቦርዳቸው በኩል። በ2024 የዓለም ዋጋ ጣራ ሲነካ የገበሬው ዋጋ ኋላ ቀረ። ገበሬው ካካዎውን በሌሊት ወደ አይቮሪኮስትና ወደ ቶጎ አሻገረ። መንግሥት ምርጫው ሦስት ወር ሲቀረው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ለ64 ኪሎ ጆንያ 3,000 ሴዲ አለ። አልጠቀመውም። ተቃዋሚው ደግሞ "ከዓለም ዋጋ ይሄን ያህል ድርሻ እንሰጣችኋለን" ብሎ በየመንደሩ ይዞር ነበር።

እኔን የሚያስቀናኝ ይሄ ነው። የጅማ ገበሬ በቡና ነው የሚኖረው። አጋሮ፣ ጎማ፣ ሊሙ፣ ማና ብትሉ ሁሉም ቡና ነው። የእሸት ቡና ዋጋ በመኸር እንዴት እንደሚዋዥቅ፣ መሃል ላይ ማን እንደሚበላ ሁላችን እናውቃለን። ግን አንድ ፓርቲ መጥቶ "እኔ ብመረጥ በቡና ግብይት ላይ ይሄን እቀይራለሁ፣ ያኛው ፓርቲ ደግሞ ያንን ነው የሚለው፣ አወዳድሩን" ሲል ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። ሰው ማንነቱን ብቻ ይዞ የሚመርጠው ሌላ የሚመርጥበት ነገር ስላልቀረበለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአጋሮ፦
ሄርማታ እውነትህን ነው። አባቴ ቡና ገበሬ ነው፣ የሚያውቀው ፓርቲ አንድ ነው። ያንን ፓርቲ ስለሚወድ ወይ ስለሚጠላ አይደለም። ማዳበሪያውም፣ የቀበሌ ስብሰባውም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም የሚመጣው በዚያው ሰው በኩል ስለሆነ ፓርቲና መንግሥት ለሱ አንድ ናቸው። በኛ በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። በ2013 ብልጽግና ከ436 ወንበር 410ሩን ወሰደ። ከ40 በላይ ፓርቲ ተወዳድሮ ማለት ነው። ጋና ላይ ሁለት ፓርቲ ወንበሩን ይካፈላል፣ እኛ ጋ አርባው ተደምሮ አንድ እፍኝ አይሞላም።

አዌቱ ዳር፦
እኔ ግን ጋናን እንዲህ ማወደሱ ትንሽ ከበደኝ። ጓደኞቼ፣ የዚያ ሥርዓት ሌላ ፊት አለው። አሸናፊ ሁሉን ጠቅልሎ የሚወስድበት ነው። መንግሥት ሲቀየር የአሸናፊው ፓርቲ ወጣቶች ወጥተው የሕዝብ መጸዳጃ ቤትና የመንገድ ክፍያ ኬላ ሳይቀር "ተራችን ነው" ብለው የሚቆጣጠሩበት ጊዜ ነበር። ለአራትም ለስምንትም ዓመት ከእንጀራ ትወጣለህ ማለት ነው፣ ምክንያቱም የተሸነፈው ፓርቲ ሰው ነህ።

በየፓርቲው ሥር የጎረምሳ ቡድን ነበራቸው፣ ስም ያለው፣ ዱላ ያለው። በ2019 መጀመሪያ አክራ ውስጥ አያዋሶ ዌስት ዎጎን በሚባል ምርጫ ክልል የማሟያ ምርጫ ላይ ተኩስ ተተኩሶ ሰው ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ነው በዚያው ዓመት ሕግ አውጥተው ቡድኖቹን የከለከሉት። በ2024 ምርጫም ሰው ሞቷል።

ገንዘቡም አለ። እጩ ለመሆን በፓርቲው ውስጥ ላሉ መራጮች ገንዘብ፣ ቴሌቪዥን፣ ሞተር ሳይክል ይታደላል። ደመወዝተኛ ሴት፣ ለምሳሌ እኔ ነርስ ነኝ፣ እዚያ ውስጥ በየት በኩል ትገባለች? ፓርላማቸው ውስጥ የሴቶች ቁጥር ትንሽ ነው፣ ከኛም በታች ነው። ስለዚህ ሁለት ፓርቲ ተራ መግባቱ ብቻ ለኔ በቂ አይደለም።

የጅሬን ልጅ፦
እህቴ ያነሳሽው ሁሉ አለ፣ አልከራከርሽም። ሦስተኛ ፓርቲም እዚያ አይተነፍስም። የንክሩማ ሲፒፒ፣ አገሪቷን ነፃ ያወጣው ፓርቲ፣ ዛሬ በፕሬዚዳንት ምርጫ አንድ በመቶ አይሞላም። በ2024 የኤንፒፒ የቀድሞ ሚኒስትር ፓርቲውን ለቆ ለብቻው ተወዳድሮ እሱም አንድ በመቶ አልሞላም።

ግን የጠቀስሽው ሕግ እንዴት እንደወጣ እይው። ተቃዋሚው ፓርላማ ውስጥ ስላለ፣ ነገ ሥልጣን ሊይዝ ስለሚችል ነው ሁለቱም ቡድኖቻቸውን መከልከል የጠቀማቸው። በ2020 ደግሞ ምርጫው ፓርላማውን 137 ለ137 ከፈለው፣ አንድ ሰው ብቻ የግል ሆኖ መሃል ቀረ። አፈ ጉባኤ በሚመረጥበት ሌሊት ተደባደቡ፣ አንዱ የፓርላማ አባል የድምፅ ወረቀት ይዞ ሮጠ፣ ወታደር አዳራሹ ውስጥ ገባ። አሳፋሪ ሌሊት ነበር። ሲነጋ ግን የተቃዋሚው ሰው ባግቢን አፈ ጉባኤ ሆነ፣ አራት ዓመት ሙሉም ገዥው ፓርቲ ያለ ተቃዋሚው በጀት ማሳለፍ ከበደው። ያ ፓርላማ ለሕዝቡ ብዙ ጠቅሟል ባይ ነኝ።

ቦሳ ቀቦ፦
መጀመሪያ ላይ የጻፍከው ነገር አልወጣልኝም። ኤንፒፒ በ1992 ረግጦ ወጣ፣ በ1996 ተመለሰ አልክ። በኛ በ97 ቅንጅትም ፓርላማ ቢገባ ኖሮ ልትል ነው አይደል? 109 ወንበር ነበረው፣ ኅብረት 52፣ አዲስ አበባ ምክር ቤትን ደግሞ ከ138 137ቱን። ግን ሰዎቹን እኮ በኛ በ1998 እስር ቤት አስገቧቸው። ሮሊንግስ የኤንፒፒን መሪዎች በአገር ክህደት አልከሰሰም። የማይመሳሰለውን አታመሳስለው።

የጅሬን ልጅ፦
አላመሳሰልኩም። የታሰሩትን አልወቅስም። ግን አንዳንዶቹ የቅንጅት ተመራጮች ፓርላማ ገብተዋል፣ ሌሎቹ አልገቡም፣ ፓርቲው ከመታሰሩ በፊትም በዚህ ጉዳይ ውስጡ ተከፋፍሎ ነበር። አዲስ አበባን ተረክቦ ቢያስተዳድር ምን ይፈጠር እንደነበር ማንም አያውቅም፣ እኔ ግን መረከብ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። መንግሥት ባይፈቅድ እንኳ ሞክሮ ቢከለከል ይሻል ነበር።

ቦሳ ቀቦ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። የሚያስረክብ በሌለበት መረከብ የሚባል ነገር የለም። ጋና ላይ መጀመሪያ የተለወጠው ወታደሩ ነው። ሮሊንግስ በ2000 ሲወርድ ጦሩ ካምፑ ውስጥ ተቀመጠ። ይሄ ሳይኖር ፓርቲ አደራጅ ማለት ሰውን ለእሳት መማገድ ነው። ሰፈሬ ውስጥ በፓርቲ አባልነቱ ብቻ ዓመታት የታሰረ ሰው አውቃለሁ፣ ለልጆቹ ይሄን ጽሑፍ አላሳያቸውም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ ቦሳ ቀቦ፣ ፍርሃትህ የኔም ነበር፣ እውነት አለህ። የወጣቱንም እረዳለሁ። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። አክራ የከረመው ልጅ፣ እነዚያ የጣቢያ ኮሚቴዎች በምርጫ መሃል ባሉት አራት ዓመታት ምን ይሠራሉ? ደመወዝ አላቸው? ቢሮ አላቸው? ወይስ እንደኛ ምርጫ ሲደርስ ብቻ ነው የሚቀሰቀሱት?

አክራ የከረምኩ፦
ጋሼ፣ ደመወዝ የላቸውም፣ አብዛኞቹ ቢሮም የላቸውም። እኔ የተከራየሁበት ሰፈር የኤንዲሲው ሰብሳቢ ስልክ ጠጋኝ ነበር፣ ኪዮስኩ ላይ የጃንጥላ ምልክታቸው ተስሏል። ሁለት ቤት አልፎ የኤንፒፒዋ እናት ዓሣ ትጠብሳለች፣ የዝሆን ምልክት ያለበት ሽርጥ አላት። ለቅሶ ሲኖር ሁለቱም የፓርቲያቸውን ሰው ይዘው ይመጣሉ፣ መዋጮ ይሰጣሉ። በየጊዜው የፓርቲ ውስጥ ምርጫ አላቸው፣ በዚያ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ጠዋት ጠዋት በትዊ ቋንቋ ሬዲዮ ላይ ደውለው ፓርቲያቸውን ይከላከላሉ። እና የመራጮች መዝገብ ሲታደስ ሁለቱም ወንበር ይዘው መጥተው ጣቢያው በር ላይ ይቀመጣሉ፣ የሞተ ሰው ስም ካለ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ ካለ ይቃወማሉ። አራቱን ዓመት እንዲህ ነው የሚያልፈው።

ጡረተኛው መምህር፦
ገባኝ ልጄ። እኛ መዝገቡን አይተነው አናውቅም ነበር፣ የመጣነው ለድምፁ ቀን ብቻ ነው። ይሄ ለቀጣዩ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ስለ መዝገቡ፣ ስለ ተቃውሞው ቅጽ የምታውቀውን ለብቻው ጻፍልን።

አክራ የከረምኩ፦
እሺ ጋሼ፣ ነገ ማታ በአዲስ ርዕስ እለጥፋለሁ። ከአጋሮም ሆነ ከሌላ ወረዳ ታዛቢ ሆኖ የሚያውቅ ካለ እዚህ ስር ይጻፍልኝ፣ እኛ ጋ አሠራሩ እንዴት እንደሆነ ከናንተ ሰምቼ ጎን ለጎን ላስቀምጠው።

ከአጋሮ፦
እኔ በኛ በ2013 የግል እጩ ታዛቢ ነበርኩ። የያዝኩትን ሁሉ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ።